ወፍ ሳያርፍ

የያዙኝ ጠዋት ነው። ሰሌዳ ፊት ቆሜ የማባዛት ሒሳብ እጽፍ ነበር። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው፣ «መምህርት፣ ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ወዲያው ትመለሻለሽ» አለኝ። ተማሪዎቹን እስክመለስ እንዲገለብጡ ነገርኳቸውና ወጣሁ። ጠመኔው እጄ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት መኪናው ላይ ነው። የተመለስኩት ከአርባ ስድስት ቀን በኋላ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ገብስና ብርድ ነው ያሳደገኝ። ከባለቤቴ ጋር መምህራን ሆነን ተመድበን ወረድን። በሁለተኛው ክረምት ባለቤቴን ንዳድ ወሰደብኝ። የአገሩ ሰው ወባን ንዳድ ነው የሚለው። ሦስት ቀን አንቀጠቀጠው፣ በአራተኛው አረፈ። የአንድ ዓመት ሴት ልጅ ይዤ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤቴ እንደ እህት ሆነችልኝ። እኔ ሳስተምር ልጄን የምትይዘው እሷ ነበረች። በተያዝኩ ዕለትም ልጄ እሷ ዘንድ ነበረች። ሦስት ዓመቷን ይዛ ነበር።

የሚፈልጉት እኔን አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሜን ነው። ተማሪ ነበር። ወረቀት በትነሃል ብለው ይፈልጉታል። በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ወረቀት ይሞት ነበር። ሸሽቶ እኔ ቤት መጣ። ሁለት ቀን አሳደርኩትና በማጀቴ ከተማ በኩል ወደሚኖር አንድ የማውቀው ገበሬ ቤት ራሴ ወሰድኩት። የት እንዳለ የምናውቀው ገበሬውና እኔ ብቻ ነበርን። ብናገር የሚዘጋው አንድ ቤት አልነበረም፤ ሁለት ነው።

ያስገቡኝ ቤት የጥጥ መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ። ሌሎቹ እስረኞች በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሳላቸው ይሰማል። እኔን ምርመራዬ እስኪያልቅ ከሰው እንዳልገናኝ ብለው ከመጋዘኑ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ከተቱኝ። ስንቅም ተከለከልኩ። ጥጡ ከተነሳ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን አልወጣም። በፀሐይ መውጫ በኩል ሚስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ ነበር። በእሱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ ይንሳፈፋል፣ አይወርድም። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው በእጅ አይነካም።

ጥግ ላይ እንደ እኔ ከሌሎቹ የተለዩ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ እግራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ግቢ እንዳልልሽ ቤቱ የእኔ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ እጄን አዩ። «ጠመኔ ነው የያዝሽው? እኛን አስተምሪ ብለው ላኩሽ?»

መሳቅ አልቻልኩም። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ጭብጥ የተቆላ ማሽላ ሰጡኝ።

ከቀወት ቆላ ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ለሚሊሺያ ሲመለመል ጠፋ።

«ልጅሽን አምጪ አሉኝ» ብለው ነገሩኝ። «ልጅ እንደ ፍየል አይታሰር፣ የት እንደገባ በምን አውቃለሁ አልኳቸው። እኔን አሰሩኝ። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ተርፏል።»

ያስጨነቃቸው እስሩ አልነበረም። ማሽላቸው ነው። የተያዙት ማሽላው እሸት በያዘበት ሳምንት ነበር። ቆላ ያላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። በዚያ ወራት ግሪሳ የሚባል ወፍ እንደ ደመና ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው ማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ በመሰላል የሚወጡት ከፍ ያለ መጠበቂያ ነው። ከጎህ ጀምሮ አንድ ሰው ማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ ይቆማል። አንድ ጠዋት ያልተጠበቀ ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ አሮጊቷ የአስር ሶላታቸውን ሰገዱ። ሰግደው ሲጨርሱ ቀዳዳው ወዳለበት ግድግዳ ዞረው ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አነሱ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩ፣ ለቀቁ። በዝቅተኛ ድምፅ «ሃይ! ሃሃይ!» አሉ። ባዶ እጅ ነው። ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ነገር አነሱ። ምንም አልነበረም። እንደገና አዞሩ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ። መጥተዋል።»

አእምሮው ከተነካ ሰው ጋር ዘጉብኝ ብዬ አማተብኩ። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ አልተቀመጡም።

ሲቀመጡ አልቧቸው ነበር። «አብዳለች ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ...»

«ብለሻል። አማትበሻል፣ አይቼሻለሁ። ማሳዬ ላይ ማንም የለ። እኔ ባልቆምለት ማን ይቆምለታል?»

«እዚህ ሆነው ሲጮኹ ወፉ ይሰማል?»

«እሱ አይሰማም» አሉ። «እኔ እሰማለሁ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም።

በማግስቱ ለምርመራ ወሰዱኝ። የተመታሁትን አልጽፍም፤ እግሬ ድኗል። መርማሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ወንድምሽ የት ነው? አላውቅም አልኩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። በአምስተኛው ቀን ግን ምንም አልነኩኝም። ወንበር ሰጠኝ፤ ውሃ በብርጭቆ አስመጣልኝ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጓድ ይሉታል።

«ልጅሽን ንዳድ ይዟታል» አለኝ። «ጎረቤትሽ ተጨንቃለች። ባልሽም በእሱ ነው የሞተው አሉ።»

ውሃውን አስቀመጥኩ።

«መኪናው ደጅ ቆሟል። አንቺ አንድ ቦታ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ ልጅሽን ክሊኒክ አደርሳለሁ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁሽም። አሁን አትመልሺልኝ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ይህን ብሎ መለሰኝ። እስከ ነገ አስቢበት። ከተመታሁት ሁሉ የባሰው ይህ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ማሰብ ጀመርኩ። ልጄ አባቷ በተኛበት አልጋ ላይ ተኝታለች። ጥርሷ ይጋጫል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እማዬ ትላለች። ዓይኗ ወደ ላይ ሲዞር አየሁ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ አየሁ፤ ትንሽ ናት። እንዲያውም የሚሸከማት ሰው ማን እንደሆነ ሳይቀር አየሁ። ተነስቼ በሩን በመዳፌ መታሁ።

«ምን ልትዪ ነው?» አሉ አሮጊቷ ከጥግ።

«ልናገር ነው እማማ። ልጄን ንዳድ ይዟታል።»

«አየሻት?»

«እሱ ነገረኝ።»

«እሱ አንድ ቃል ነገረሽ። ከንፈሯን ማን ሰነጠቀው? ጨርቁን ማን ገዛ?» ሳላውቀው ጮክ ብዬ እያወራሁ ነበር ለካ። «እሱ ወፉን ለቀቀብሽ። ማሳውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

«እውነት ቢሆንስ?»

ዋሽተው ሊያጽናኑኝ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም።

«እውነት ከሆነ አላህ ያውቃል። ጎረቤትሽም አለች። አንቺ እዚህ ሆነሽ ብታንቀጠቅጫት አትድንም።»

«ሐሳብን መከልከል አልችልም።»

«ማን ከልክይ አለሽ? ወፍ አትብረር ይባላል? እንዳያርፍ ነው እንጂ። ነይ፣ ማማው ላይ ውጪ።»

መምህር ነኝና ነገር የሚገባኝ ሲሳል ነው። በጠመኔው መሬቱ ላይ መሰላል ሳልኩ፤ ከላይ ማማ፣ ከጎኑ ማሽላ። ቆንጆ አድርጌ ሳልኩት። መጥተው አዩት፤ በእግራቸውም አጠፉት።

«ይሄ ስዕል ነው። እግርሽ አያውቀውም። ስንት መርገጫ አለው?»

«አራት?»

«ስድስት። ሦስተኛው ላልቷል። ልጄ ነገ አጠብቀዋለሁ እንዳለ ነው የሄደ። እሱን አትርገጪው፣ ዝለይው። ውጪ።»

ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ወጣሁ» አልኩ።

«እንዲህ ቶሎ? በርረሽ ነው? ውረጂ። በቀኝ እጅሽ ምን ያዝሽ?»

«ምሰሶውን።»

«ይሻክራል ይለሰልሳል?»

«አላውቅም።»

«ግራር ነው፤ አልተላጠም። ይሻክራል። አሁን ውጪ።»

ስንት ጊዜ እንዳስወረዱኝ አልቆጠርኩም። እግሬ አብጦ ነበር፤ ቢሆንም እያነሳሁ አስቀምጥ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛውን መዝለል፣ አራት። ላይ ስደርስ የጣራው አገዳ አናቴን ነካኝ። ወንጭፉ ከቃጫ የተገመደ ነው፤ ጫፉን በጣት ያጠልቁታል። በግራ በኩል የጓል ክምር አለ፤ በክረምት ጭቃው ሳለ ተድቦልቡሎ የደረቀ አፈር ነው። ቁልቁል ማሽላው ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሳል።

«ልጄስ?» አልኳቸው። «ልጄን ሳላስብ መዋል አልችልም።»

«ማን አታስቢያት አለሽ? ከማማው ሥር ጥላ አለ፤ እዚያ አስቀምጫት። ጥንቅሽ ስጫት፣ ትምጠጥ።»

አስቀመጥኳት። ወፎቹ መጡ። ከንፈሯ መጣ፣ ነጩ ጨርቅ መጣ፣ አልጋው መጣ። ለሁሉም ወነጨፍኩ። ባዶ እጄን እያዞርኩ ትንፋሼ ተቆራረጠ።

«አንቺ የደጋ ልጅ!» ብለው ሳቁብኝ። «እነዚያ እኮ አላፊ ናቸው። ለየወፉ ከወነጨፍሽ ጓልሽ ያልቃል። ወደ ማሳሽ የዞረውን ብቻ። እሱንም ድንበር ላይ። ካረፈ በኋላ ብትጮኺ ከዘለላ ወደ ዘለላ ነው የሚዘል፤ አይሄድልሽም። ወፍ የሚመለስ ሳያርፍ ነው።»

ያን ቀን አመሻሽ ሁለታችንም ግድግዳው ፊት ጎን ለጎን ቆምን። እሳቸው የማሽላቸውን ወፍ፣ እኔ የእኔን። ከአዳራሹ ሳል ይሰማል። በሚቀጥለው ቀን ጎህ ሲቀድ እሳቸው ሱብሂያቸውን ሰገዱ፤ እኔም አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ከዚያ እንደገና ቆምን። ልጄን ሳላስብ አልዋልኩም። ሳስባት ግን አትሞትም ነበር፤ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ጥንቅሽ ትመጥጣለች።

ረፋዱ ላይ ጠሩኝ።

ወንበሩ በቦታው ነበር። ብርጭቆውም።

«አሰብሽበት?»

«አሰብኩበት።»

«ትናንት ማታ ጥርሷ ሲጋጭ ጎረቤት ድረስ ተሰማ አሉ።»

ምሰሶውን ያዝኩ። ይሻክራል። አንድ። ሁለት።

«እማዬ እያለች ነው አሉ።»

ሦስተኛውን ዘለልኩ። አራት። አምስት። ስድስት። ጣቴን ወንጭፉ ውስጥ አስገባሁ። እሱ ይናገራል፤ ቃሉ ከሩቅ ሲዞር አየዋለሁ። ድንበሩ ላይ ሲደርስ እለቃለሁ። እጄ ጭኔ ላይ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ተናገረ። ስለ ባለቤቴ ተናገረ፣ ስለ አልጋው ተናገረ። አላፊውን አሳለፍኩት።

«መኪናው ሊሄድ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም» አልኩ። «ልጄን ግን ስለ እግዚአብሔር ብለህ አሳክማት።»

አልተቆጣም። ወረቀቱን ሰበሰበ፤ ሲሰበስብ፣ «አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አለ። ጥያቄ አልነበረም፤ የገረመው ነበር የሚመስለው።

አልደረስኩባትም። ያቺ አንዷ አረፈች።

ክፍሉ ስመለስ አሮጊቷ ፊቴን አይተው፣ «ስንት አረፈ?» አሉኝ።

«አንድ።»

ቦታ ለቀውልኝ ተቀመጥኩ። ራሴን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። «አንድ ወፍ ማሳ አይጨርስም» አሉ።

ከዚያ በኋላ መርማሪው አልጠራኝም። ቀናት ሄዱ። የነቢያት ጾም ገባ። ጠዋትና አመሻሽ እንቆማለን። ስለ ሌላ ነገርም እናወራ ነበር። አንዴ የሰሟትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስታውሱ ነበር፤ ፊደል ግን አይቆጥሩም። በጠመኔዬ ሀሁን ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። «ይህችን አውቃታለሁ፣ ወንጭፍ ትመስላለች» አሉ «ሀ»ን አይተው። «ቸ» ላይ ስንደርስ ጠመኔው አለቀ።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በፊት በሩ ተከፈተ። በሩ ላይ የቆመው ሁልጊዜ የሚጠብቀን ሽማግሌ ዘብ ነበር። ጠመንጃው ከቁመቱ የሚበልጥ፣ ሽበታም ሰው ነው። ከኋላው የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«እማማ፣ ይነሱ» አለ።

እሳቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ። የሚተኙበትን ሽርጥ ማጠፍ ሲጀምሩ ዘቡ መሬት መሬት እያየ፣ «ዕቃ አያስፈልግም» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ገባኝ፣ እሳቸውም ገባቸው። ሽርጡን አጥፈው ጨረሱት። ለእኔ ሰጡኝ። ሳሙኝ። ጠረናቸው የተቆላ ማሽላ ነበር።

«አመሻሽ ላይ ይመጣሉ» አሉኝ። «አደራ።»

በሩ ተዘጋ። መኪና ተነሳ። ድምፁ ወደ ወንዙ ሄደ። ብዙ ቆይቶ፣ ወይም ለእኔ ብዙ መስሎኝ ይሆናል፣ አንድ ነገር ሰማሁ። ምን እንደሰማሁ እርግጠኛ አይደለሁም። የቆርቆሮ ቤት በሙቀት ሲሰፋ ይጮኻል። ላለፉት ዓመታት ሁሉ ቆርቆሮው ነው ስል ቆይቻለሁ።

ተቀምጬ ነበር። መነሳት አልፈለግሁም። ብርሃኑ ግን እየቀነሰ ሄደ፤ ሰዓቱ ደረሰ። አደራ ብለውኛል። ተነሳሁ። በቆሙበት ቦታ፣ የእግራቸው ፈለግ አፈሩን ባጎደጎደው ላይ ቆምኩ። እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁ፤ ሁለት ጊዜ አዞርኩ፤ ለቀቅሁ። በዚያ ቀን የእኔን ወፍ አልጠበቅሁም። የእሳቸውን ነው።

«ሃይ! ሃሃይ!»

ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ከአዳራሹ የነበረው ሳል ቆመ።

በሩ ላይ ያለችው መስኮት ተከፈተች። ሽማግሌው ዘብ ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማሳ እጠብቃለሁ።»

«የማን ማሳ?»

«የእሳቸው።»

እንደሚገባ፣ እንደሚመታኝም አሰብኩ። እጄን አላወረድኩም። ፊቱ በመስኮቷ ውስጥ ቆየ። እሱም የቆላ ገበሬ ነበር፤ እጁ ያስታውቃል።

«በአንድ በኩል ብቻ አትይ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በወንዙ በኩል ነው የሚገቡት።»

መስኮቷን ዘጋት። እስከዚያ ቀን እሱ ስለው የኖርኩትን ሰው ከዚያ በኋላ እሳቸው አልኳቸው።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ምክንያቱ ሳይነገረኝ፣ «ወደ ቤትሽ» አሉኝ። ሽርጡን ይዤ ወጣሁ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ መሮጥ አልቻልኩም። ጎረቤቴ ደጅ ስደርስ ልጄ ከዶሮ ጋር ትጣላለች። ወፍራለች። እንዳየችኝ ሸሸች፤ ረስታኝ ነበር።

«ንዳዱ ለቀቃት?» አልኩ።

«የምን ንዳድ?» አለች ጎረቤቴ። «ይቺ? ይቺ እኮ ንዳዱን ነው የምታስይዘው! የዶሮዎቼን ጅራት ጨረሰችው።» ሳቀች። ወዲያው ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ዛሬም አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ዳነ። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ስለ ንዳዱ አልነገርኩትም።

እግሬ እንደጠና ልጄን አዝዬ ወደ ቀወት ቆላ ሄድኩ። የአሮጊቷን መንደር እየጠየቅሁ አገኘሁት። ቤቱ ተዘግቷል። ልጃቸው አልተመለሰም፤ በኋላም አልተመለሰም። አንድ የመንደሩ ሰው ማሳውን አሳየኝ።

ማሽላው ቆሟል። አገዳው ረጅም ነው፤ ዘለላው ባዶ ነው። አንድ ፍሬ አልቀረም። ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ የማሽላ አልነበረም፤ የወረቀት ነበር።

«ዘንድሮ ጠባቂ አልነበረውም» አለኝ ሰውየው።

«ነበረው» አልኩ።

አየኝ። ዘለላውን አየ።

ማማው መካከል ላይ ቆሟል። ልጄን ከሥሩ፣ ጥላው ላይ አስቀመጥኳት። ምሰሶውን ያዝኩ። ግራር ነው፣ አልተላጠም። ወጣሁ። ላይ ስደርስ ነው ያወቅሁት፤ እግሬ እኔን ሳይጠይቀኝ ሦስተኛውን መርገጫ ዘሎታል። ስወርድ ቆሜ በእጄ ነካሁት። ላልቷል። ከሽርጡ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩት። ሌላ የማደርግላቸው ነገር አልነበረኝም።

ለንስሐ አባቴ ሁለቱንም ነግሬአቸዋለሁ፤ አላውቅም ብዬ መዋሸቴን፣ ጸሎቴንም አቋርጬ ባዶ እጄን ሳዞር መዋሌን። ስለ መጀመሪያው ስግደት ሰጡኝ። ስለ ሁለተኛው ትንሽ አሰቡና፣ «ዳዊትም ወንጭፍ ነበረው፤ ሂጂ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ሐሳቤ በወሰደኝ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ሲመጣ አስቀድሜ በሐሳቤ መሰላሉን እየቆጠርኩ እወጣዋለሁ፤ የሚሻክረው የት እንደሆነ፣ የላላው የት እንደሆነ። ልጄን ብቻዬን ያሳደግሁት እንዲህ ነው። እናቴንም የቀበርኩት እንዲህ ነው። አርባ ዓመት ያህል ክፍል ውስጥ ስቆም ሁልጊዜ ከደወሉ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ነው። የተማርኩት ከአሮጊቷ ነው፤ እኔ ያስተማርኳቸው እስከ «ቸ» ድረስ ብቻ ነው።

ያቺ አንዷ ወፍ ግን አልተነሳችም። አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ። ሰው ሲስቅ፣ ማዕድ ሲቀርብ፣ ልጄ ስታስነጥስ ክንፏን ታንቀሳቅሳለች።

ከጡረታ በኋላም ሸዋ ሮቢት ቀረሁ። ጎህ ሲቀድ በፀሐይ መውጫ በኩል ባለው መስኮት እቆማለሁ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታየኛለች፤ ጸሎት ነው ብላ ታስባለች። ጸሎትም አለበት። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ነገርኳት። ንዳዱንም፣ መኪናውንም፣ ማማውንና ወፎቹንም፣ አላውቅም ያልኩትንም ነገርኳት። አሁን እሷም እናት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እውነት ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ።

አልጋዋን አነጠፍኩላት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ሄዳ ተኛች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። መጥታ ከጎኔ ቆመች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ሜዳው ገና አልነጋም። አብረን ወደ ውጭ አየን።

«በየት በኩል ነው የሚገቡት?» አለችኝ።

«በወንዙ በኩል» አልኳት።